ኦፓል፦ ከመጅ ስም እስከ ዕንቍ ስም

«ኦፓል» የሚለው ቃል ለአማርኛ ገና እንግዳ ነው። አባቶቻችን በመጻሕፍት አማካይነት ሰንፔርን፣ መረግድን፣ ኢያስጲድንና ቶጳዝዮንን በስም ሲያውቁ ኖረዋል፤ ኦፓል ግን ከእነዚህ ስሞች መካከል አልነበረም። ይሁን እንጂ ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ቃሉ በሰሜን ሸዋና በወሎ ገበሬዎች ዘንድ የዘወትር መነጋገሪያ ሆኗል። በደላንታ ገደሎች ወገብ ላይ የሚቆፍረው ወጣት፣ ድንጋዩን ተቀብሎ አዲስ አበባ የሚያደርሰው ነጋዴ፣ ከነጋዴው ተረክቦ ወደ ውጭ የሚልከው ላኪ፣ ሁሉም ይህንኑ አንድ ቃል ይጠራሉ።

ታዲያ ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ? ጥያቄው ሲታይ ለቋንቋ ሊቃውንት ብቻ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን የቃሉን ፍለጋ ተከትለን ስንሄድ ኬሚስቱንም፣ ፊዚሲስቱንም፣ የሥነ ምድር ባለሙያውንም በየተራ እናገኛቸዋለን። በመጨረሻም ድንጋዩን የሚሸጠውን ሰው እናገኛለን። የከበረ ድንጋይ አስቀድሞ በስሙ ይሸጣልና፣ ስሙ ምን ምን እንደሚያቅፍ ያልተረዳ ሰው የእጁን ድንጋይ ዋጋ ሌላ ሰው ይተምንለታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የቃሉ ሥር

አብዛኞቹ የቋንቋ ሊቃውንት የቃሉን ምንጭ በጥንታዊቷ ህንድ ቋንቋ፣ በሳንስክሪት ያገኙታል። በሳንስክሪት «ኡፐላ» ማለት ድንጋይ ማለት ነው፤ ቃሉ ሲሰፋ ደግሞ የከበረ ድንጋይንም ያመለክታል። ከዚህ በላይ ለእኛ የሚቀርብ ሌላ ፍቺም አለው። ከዚሁ ሥር የወጣው «ኡፐላ» የሚለው ቃል በሴት ጾታ ሲነገር፣ በወፍጮ ላይ የሚውለውን የላይኛውንና ትንሹን ድንጋይ፣ ማለትም እኛ መጅ የምንለውን ይሰይማል። ሪግቬዳ በተሰኘው የሂንዱዎች ጥንታዊ የመዝሙር ስብስብ በዘጠነኛው ክፍል ውስጥም በዚሁ ድንጋይ እህል የምትፈጭ ሴት ተጠቅሳለች። እንግዲህ ዛሬ በዓለም ገበያ በካራት የሚመዘነው ድንጋይ ስሙን የተዋሰው፣ በሺሕ የሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ኋላ ቢኬድ፣ ከማጀት ዕቃ ጋር ከሚዛመድ ቃል ነው።

የጠቅላላ ነገር ስም የአንድ ልዩ ነገር ስም ሆኖ መቅረቱ በቋንቋ ታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም። በንግድ መንገድ ላይ የሚሆነውን እናስብ። ሻጩ በቋንቋው «ድንጋይ» ይላል፤ ቋንቋውን የማያውቀው ገዢ ግን ቃሉን ከፊቱ ላለው ለዚያ ለሚያብረቀርቀው ነገር ብቻ የተሰጠ ስም አድርጎ ይወስደዋል። ቃሉ ድንበር በተሻገረ ቁጥር ፍቺው እየጠበበ፣ ክብሩ እየጨመረ ይሄዳል።

ከህንድ ወደ ምዕራብ የተሻገረው ቃል በግሪክኛ «ኦፓሊዮስ»፣ በላቲን «ኦፓሉስ» ሆነ። ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ ገባ፤ ወደ እኛ የደረሰው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። ሆኖም ሰንሰለቱ በሁሉም ቦታ እኩል የጠነከረ አይደለም። ዛሬ ቃሉን በጽሑፍ የምናገኘው መጀመሪያ በሮማውያን ዘንድ ሲሆን፣ «ኦፓሊዮስ» የሚለው የግሪክኛ ቃል የሚገኝባቸው ጽሑፎች ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ግሪኮች ለሮማውያን አቀበሉ ወይስ ሮማውያን ለግሪኮች የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

የሮማዊው ምስክርነት

ስለ ኦፓል በስፋት የጻፈው የመጀመሪያው ሰው ሮማዊው ሊቅ ታላቁ ፕሊኒ ነው። «የተፈጥሮ ታሪክ» የተሰኘውና በ77 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀቀው ሥራው 37 መጻሕፍትን የያዘ ሲሆን፣ የመጨረሻው መጽሐፍ ስለ ከበሩ ድንጋዮች ይናገራል። ፕሊኒ ኦፓልን ከሌሎች ድንጋዮች የሚለየው የራሱ ቀለም ያለው በመሆኑ አይደለም፤ የሌሎቹን ሁሉ ቀለም በአንድነት በመሸከሙ ነው። የቀዩን ዕንቍ ፍም፣ የአሜቴስጢኖስን ሐምራዊነትና የመረግድን አረንጓዴ በአንድ ድንጋይ ውስጥ ተቀላቅለው እንደሚታዩ ጽፏል። ብዙዎች ለውበቱ ሲሉ «ፔዴሮስ» በሚባል ሌላ ስም እንደሚጠሩትም ይመሰክራል። ይኸው ጸሐፊ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ79 ዓ.ም.፣ የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ሕይወቱ አልፏል።

ፕሊኒ አንድ ታሪክ ትቶልናል። ኖኒየስ የተባለ የሮም ሴናተር ሁለት ሚሊዮን ሴስተርስ የሚገመት ኦፓል በቀለበቱ ላይ ነበረው። ማርክ አንቶኒ በዚህ ድንጋይ ምክንያት የሴናተሩን ስም በሚሳደዱት ሰዎች መዝገብ ላይ አሰፈረው። ኖኒየስም ድንጋዩን ሰጥቶ ከመታረቅ ይልቅ ሀብቱን ሁሉ ጥሎ ቀለበቱን ብቻ ይዞ ተሰደደ። ፕሊኒ በአንቶኒ ጭካኔም በኖኒየስ ግትርነትም ይገረማል።

ፕሊኒ የኦፓል አገር ህንድ ናት ብሎ ጽፏል። የቃሉን ሳንስክሪታዊ ምንጭ ከሚደግፉት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ዛሬ ያሉ ተመራማሪዎች ግን ሮማውያን ያደንቁት የነበረው ድንጋይ በአብዛኛው የመጣው ከህንድ ሳይሆን፣ በዛሬዋ ስሎቫኪያ ምሥራቅ ከሚገኙት ከዱብኒክ አካባቢ ተራሮች ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እነዚህ ቦታዎች በኋላ በሃንጋሪ መንግሥት ሥር ስለነበሩ ድንጋዩ «የሃንጋሪ ኦፓል» ተብሎ ሲጠራ ኖሯል፤ የአውስትራሊያ ኦፓል በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ገበያውን እስኪይዝ ድረስም የአውሮፓ ዋነኛ ምንጭ ነበር። እንግዲህ ቃሉ ከምሥራቅ፣ ድንጋዩ ከሰሜን መጥተው በሮም ገበያ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ነጋዴዎች የዕንቍን ትክክለኛ መገኛ ለመደበቅ ወይም ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ሲሉ የሩቅ አገር ስም መስጠታቸው በጥንቱም በዛሬውም ዘመን የታወቀ ነው።

ተመሳሳይ ድምፅ፣ የተለያየ ሥር

የ«ኦፓል»ን ሥር ሌላ ቦታ የፈለጉም ነበሩ። አንዳንዶች ቃሉን ከሮማውያን የምርት አምላክ ከ«ኦፕስ» ጋር ያያይዙታል። ለዚህች አምላክ በታኅሣሥ ወር የሚከበረው በዓል «ኦፓሊያ» ይባል ስለነበር የድምፁ መመሳሰል በእርግጥ ያጓጓል። ሌሎች ደግሞ «ማየት» ወይም «ዓይን» የሚል ፍቺ ካላቸው የግሪክኛ ቃላት ጋር ያዛምዱታል። በመካከለኛው ዘመን ኦፓል ለዓይን ሕመም ይረዳል፣ የያዘውንም ሰው ከሌሎች ዓይን ይሰውራል የሚል እምነት ስለነበር ይህ ሁለተኛው ሐሳብ በቀላሉ ሥር ሰደደ።

የቋንቋ ሳይንስ እንዲህ ያሉ ማብራሪያዎችን «የሕዝብ ሥርወ ቃል» ይላቸዋል። ሰዎች ትርጉሙ የጠፋባቸውን ቃል ሲያገኙ በሚያውቁት ቃል ይፈቱታል። ሊቃውንት አንድን ሥርወ ቃል የሚቀበሉት ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ አይደለም። ፍቺው መግጠም አለበት፤ ቃሉ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የተሻገረበት የታሪክ ድልድይም መኖር አለበት። ከ«ኡፐላ» ጋር ሲነጻጸር ድምፁም፣ «የከበረ ድንጋይ» የሚለው ፍቺም፣ የህንድና የሮም የንግድ መንገድም ይገኛሉ። ከ«ኦፕስ» ጋር ግን ከድምፁ በቀር ድንጋዩን ከአምላኳ የሚያገናኝ ነገር አናገኝም።

እንዲህ ያለ የቃል ጉዞ በእኛም መጻሕፍት ውስጥ አለ። «መረግድ» የሚለው ስም ወደ ግእዝ የገባው «ስማራግዶስ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል ነው። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ ግሪኮች ራሳቸው ቃሉን የወሰዱት ከሴማውያን ቋንቋዎች፣ «በ-ረ-ቀ» ከሚለው ሥር እንደሆነ ያምናሉ፤ በዕብራይስጥ «ባሬቄት» የከበረ ድንጋይ ስም ነው። ይህ ሥር «መብረቅ» የሚለውን ቃላችንን የሰጠን ሥር ነው። እንግዲህ መረግድና መብረቅ ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ቃሉ ከሴማውያን ቤት ወጥቶ፣ የግሪክ ልብስ ለብሶ፣ ወደ ሌላ ሴማዊ ቤት ተመልሷል።

ኬሚስቱ «ኦፓል» ሲል

ቃሉ ከነጋዴ ወደ ሳይንቲስት እጅ ሲሻገር ፍቺው እንደገና ተለወጠ። ለኬሚስቱ ኦፓል ማለት ውኃ ያዘለ ሲሊከን ዳይኦክሳይድ፣ ባጭሩ ውኃ አዘል ሲሊካ ነው። አሸዋም፣ ኳርትዝም፣ የመስኮት መስተዋትም በዋናነት ከሲሊካ የተሠሩ ናቸው። ልዩነቱ ያለው በአደረጃጀቱ ላይ ነው። በኳርትዝ ውስጥ አተሞቹ እንደ ሰልፈኛ ወታደር በተወሰነ ሥርዓት ተደርድረው ክሪስታል ይሠራሉ። በኦፓል ውስጥ ግን ይህ የአተሞች ሰልፍ የለም ወይም ያልተሟላ ነው፤ በመካከላቸውም ውኃ ይገኛል። የውኃው መጠን ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ ከ3 እስከ 10 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። በዚህ የተነሣ ብዙ የማዕድን ባለሙያዎች ኦፓልን ሙሉ ማዕድን ከማለት ይልቅ «ማዕድን መሰል» ማለትን ይመርጣሉ። ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። የኳርትዝ ጥንካሬ 7 ስለሆነ፣ ኳርትዝ ያለበት ተራ አቧራ እንኳ የኦፓልን ገጽ ሊጭር ይችላል።

በዚህ ፍቺ መሠረት ኦፓል ብርቅ ነገር አይደለም። ዳያቶም የሚባሉት በሐይቅና በባሕር የሚኖሩ ደቂቅ አልጌዎች ቅርፊታቸውን የሚሠሩት ከኦፓል ነው፤ በስምጥ ሸለቆአችን የሐይቅ ደለሎች ውስጥ የሚገኘው ዳያቶማይት የተባለው ነጭና ቀላል ዐለትም የእነዚህ ቅርፊቶች ክምችት ነው። ሣሮች ሁሉ፣ ጤፍም ጭምር፣ ከአፈር የሚስቡትን ሲሊካ በሕዋሶቻቸው ውስጥ ወደ ጥቃቅን የኦፓል ቅንጣቶች ይለውጡታል። የሣር ቅጠል ጠርዝ እጅን የሚሸርፈው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ተክሉ ከበሰበሰ በኋላ እነዚህ ቅንጣቶች በአፈር ውስጥ ስለሚቆዩ፣ የጥንት እርሻዎችን የሚያጠኑ ባለሙያዎች በዚያ ቦታ ምን ይበቅል እንደነበር ይለዩባቸዋል። በ2008 ደግሞ ማርስን የሚዞረው «ማርስ ሪኮነሳንስ ኦርቢተር» የተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር በፕላኔቷ ገጽ ላይ ሰፋፊ የውኃ አዘል ሲሊካ ክምችት ማግኘቱ ተገለጸ። ኦፓል ያለ ውኃ ስለማይፈጠር፣ ግኝቱ ማርስ በአንድ ዘመን ውኃ እንደነበራት ከሚመሰክሩት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል።

ስለዚህ አንድ ሰው «ኦፓል አገኘሁ» ቢል ኬሚስቱ አይደነቅም። ጥያቄው «የትኛውን ኦፓል?» የሚለው ነው። ቀለም የማይጫወትበት ኦፓል «ተራ ኦፓል» ይባላል፤ ቀለም የሚጫወትበት ደግሞ «የከበረ ኦፓል» ነው። የኬሚካል ቀመራቸው አንድ ሲሆን የዋጋ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

ፕሊኒን ያስደነቀው የቀለም ጨዋታ ለብዙ መቶ ዓመታት አጥጋቢ ማብራሪያ አላገኘም ነበር። ቀለሙ እንደ መረግድ በድንጋዩ ውስጥ ከተቀላቀለ ንጥረ ነገር የመጣ አይደለም፤ ድንጋዩ በተዘዋወረ ቁጥር ቀዩ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ሰማያዊ ይሆናልና። ምሥጢሩ የተፈታው በ1964 ነው። ጄ. ቪ. ሳንደርስ የተባለ አውስትራሊያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ኦፓልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው፣ የከበረው ኦፓል መጠናቸው እኩል ከሆነ የሲሊካ ድቡልቡሎች የተገነባ መሆኑን በ«ኔቸር» መጽሔት አሳወቁ። ድቡልቡሎቹ በገበያ ላይ እንደተደረደረ ብርቱካን፣ ንብብር በንብብር ላይ ተቀምጠዋል። የእያንዳንዳቸው ስፋት ከ150 እስከ 350 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አተሞቹ ያልተሰለፉበት ድንጋይ ድቡልቡሎቹ ግን ተሰልፈውበታል።

ነጭ ብርሃን ወደ እነዚህ ንብብሮች ሲገባ ከእያንዳንዱ ንብብር ጥቂት ጥቂት ይንጸባረቃል። ከላይኛውና ከታችኛው ንብብር የሚመለሱት ሞገዶች ርምጃቸው ሲገጥም ይደጋገፋሉ፤ ርምጃቸው ሲቃረን ይጠፋፋሉ። የትኛው ቀለም እንደሚደጋገፍ የሚወስነው በንብብሮቹ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ርቀቱን ደግሞ የሚወስነው የድቡልቡሎቹ ስፋት ነው። ይህ ሕግ ኤክስሬይ በክሪስታል ላይ ሲያርፍ የሚታየውና በብራግ ስም የሚጠራው ሕግ ነው።

ስሌቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም። የኦፓል የብርሃን ስብረት መጠን 1.45 ገደማ ነው። በተጠጋጉ ድቡልቡሎች ክምር ውስጥ የሁለት ንብብሮች ርቀት የድቡልቡሉን ስፋት 0.82 እጥፍ ያህላል። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ገብቶ ቀጥ ብሎ ሲመለስ፣ የሚደጋገፈው የሞገድ ርዝመት 2 ሲባዛ በ1.45 ሲባዛ በ0.82 ሲባዛ በድቡልቡሉ ስፋት ይሆናል፤ ይኸውም ከስፋቱ 2.4 እጥፍ ገደማ ነው። እንግዲህ ስፋታቸው 200 ናኖሜትር የሆኑ ድቡልቡሎች 480 ናኖሜትር የሆነውን ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ። ስፋታቸው 300 ናኖሜትር የሆኑት ደግሞ 720 ናኖሜትር የሆነውን፣ በቀዩ ጠርዝ ላይ ያለውን ብርሃን ይመልሳሉ። ከ150 ናኖሜትር በታች ከሆኑ ግን የሚመለሰው ለዓይን የማይታየው ከሐምራዊ ወዲያ ያለው ጨረር ስለሚሆን ቀለም አናይም።

ድንጋዩ ዘመም ሲል የሚደጋገፈው ሞገድ ያጥራል። በመሆኑም ትላልቅ ድቡልቡሎች ያሉት ድንጋይ ከቀይ ጀምሮ ወደ አረንጓዴና ወደ ሰማያዊ ይሻገራል፤ ትናንሽ ድቡልቡሎች ያሉት ግን ከሰማያዊ ወደ ቀይ ሊወጣ አይችልም። ቀይ የሚጫወትበት ኦፓል ከሌላው ይልቅ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ1987 ኤሊ ያብሎኖቪችና ሳጂቭ ጆን በየግላቸው የብርሃንን ጉዞ በተደጋጋሚ ንብብሮች መቆጣጠር እንደሚቻል አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ «ፎቶኒክ ክሪስታል» ስለሚባሉት ቁሶች ሲነገር ኦፓል እንደ ተፈጥሮ ምሳሌ ይጠቀሳል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ቃል ማስተካከል ይገባናል። «ኦፓለሰንስ» የሚለውን ቃል ብዙዎች ለዚሁ የቀለም ጨዋታ ይጠቀሙበታል። በሳይንስ ግን ቃሉ የሚያመለክተው የተራውን ኦፓል ወተት መሳይ ድፍርስነት ነው። አንድ ፈሳሽ ከጋዙ ሊለይ በማይቻልበት የሙቀትና የግፊት ነጥብ አጠገብ ሲደርስ ድንገት እንደ ወተት ይደፈርሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ31 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይህን ያደርጋል። የዚህን ድፍርስነት ምክንያት ስሞሉኮውስኪ በ1908፣ አይንስታይን በ1910 አብራርተዋል፤ ስሙም «ክሪቲካል ኦፓለሰንስ» ነው።

የዓለም ዓይን

ኦፓል ሌላም ስም አለው። ደርቆ ሳለ ድፍርስ ሆኖ ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደ ብርጭቆ የሚጠራ ኦፓል አለ። የ17ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት ይህን ድንጋይ በላቲን «ኦኩሉስ ሙንዲ»፣ ማለትም «የዓለም ዓይን» ይሉት ነበር። በኋላ «ሃይድሮፌን» የሚል ግሪክኛ ስም ወጣለት፤ ፍቺውም «በውኃ የሚገለጥ» ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ድንጋዩ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ሲደርቅ ቀዳዳዎቹ አየር ይይዛሉ፤ የአየር የስብረት መጠን 1 ሲሆን የሲሊካው 1.45 ስለሆነ ብርሃኑ በየድንበሩ እየተበተነ ድንጋዩ ይደፈርሳል። ውኃ ሲገባባቸው ግን የስብረቱ መጠን ወደ 1.33 ከፍ ይላል፤ ልዩነቱ ስለሚጠብ ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል። በዚህ ጊዜ የቀለሙም ጨዋታ ሊደበዝዝ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ድንጋዩ ሲደርቅ ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል።

ይህ ጠባይ ሳይታወቅ ሲቀር ፍርሃትን ይወልዳል። ስኮትላንዳዊው ደራሲ ዎልተር ስኮት በ1829 ባሳተመው «አን ኦፍ ጋየርስታይን» በተሰኘ ልብ ወለድ ውስጥ፣ በአንዲት ሴት ፀጉር ላይ ባለ ኦፓል ጠበል ይንጠባጠብና ድንጋዩ ብርሃኑን ያጣል፤ ሴትዮዋም ትጠፋለች። ኦፓል ገደ ቢስ ነው የሚለው እምነት በአውሮፓ እንዲስፋፋ ይህ ልብ ወለድ ድርሻ እንደነበረው በተደጋጋሚ ተጽፏል። በውኃ ጠብታ ቀለሙን የሚያጣ ኦፓል ግን በእርግጥ አለ፤ ምክንያቱም እርግማን ሳይሆን የስብረት መጠን ነው።

ቃሉ አገራችን ሲደርስ

የኢትዮጵያ ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በሰሜን ሸዋ መዘዞ አካባቢ ቡናማና ጠቆር ያለ ኦፓል በተገኘ ጊዜ ነው። ድንጋዩ በእንቁላል መሳይ ኳሶች ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ከፊሉ ከወጣ በኋላ የመሰንጠቅ ጠባይ ስለነበረው ለኢትዮጵያ ኦፓል በሙሉ ጥርጣሬን አተረፈለት። በ2008 በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ነጣ ያለና ደማቅ ቀለም የሚጫወትበት ኦፓል ተገኘ። በ2013 ደግሞ በዚያው በወሎ ጥቁር ኦፓል ተገኘ።

የወገል ጤና ኦፓል ታሪክ ከደጋው ምድራችን ታሪክ አይለይም። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በተደጋጋሚ የፈነዱ እሳተ ገሞራዎች የሰሜኑን አምባ በባዛልትና በእሳተ ገሞራ አመድ ንብብሮች ገነቡት። በአንዱ ፍንዳታና በሌላው መካከል ረጅም ዕረፍት ነበር፤ በእነዚህ ዕረፍቶች አመዱ በዝናብ እየታጠበ አፈር ሆነ፣ ዕፀዋትም በቀሉበት። በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ የወገል ጤና ኦፓል የተፈጠረው በዚሁ የአፈር መፈጠር ሂደት ነው፤ ከአመዱ የሟሟው ሲሊካ በሸክላማው አፈር ላይ ተጠራቅሞ ረግቶ ነው። ኦፓል የያዘው ሥሥ ንብብር ዛሬ በገደሎቹ ወገብ ላይ ተጋልጦ ይታያል። ይህ የእሳተ ገሞራ ኦፓል በደለል ዐለት ውስጥ ከሚገኘው ከአውስትራሊያው ይለያል፤ የማዕድን ባለሙያዎች የአውስትራሊያውን «ኦፓል-ኤ»፣ የእኛን «ኦፓል-ሲቲ» ከሚባለው ክፍል ይመድቡታል።

ከወገል ጤና የሚወጣው ኦፓል በብዛት ሃይድሮፌን ነው። እዚህ ላይ የቃሉ ትርጉም ከመዝገበ ቃላት ወጥቶ የሰው እንጀራ ይሆናል። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ላብንም፣ ዘይትንም፣ ሽቶንም፣ ቀለምንም ይጠጣል። አንዳንድ ነጋዴዎች ነጣ ያለውን ኦፓል በቀለም ነክረው ወይም በጭስ አጥቁረው እንደ ተፈጥሮ ጥቁር ኦፓል ይሸጡታል። የማዕድን መመርመሪያ ቤቶች ይህን በየጊዜው ስለሚያጋልጡ፣ የጥርጣሬው ጥላ ሐቀኛው ቆፋሪ ባወጣው ድንጋይ ላይም ያርፋል። በአንጻሩ «ኦፓላይት» በሚል ስም የሚሸጥ ወተት መሳይ መስተዋት አለ፤ ስሙ ከኦፓል የተወሰደ ይሁን እንጂ በውስጡ የድቡልቡል ሰልፍ የለም። ሌላው ችግር ደግሞ በክብደት ላይ የሚነሣው ነው። ውኃ የጠጣ ድንጋይ ከደረቀው ይልቅ ስለሚመዝን፣ ርጥቡን በሚዛን የገዛ ሰው የውኃ ዋጋ ጭምር ከፍሏል።

ዋጋው በገንዘብ ብቻም አይተመንም። ንብብሩ ሥሥ በመሆኑ ቆፋሪዎች በገደሉ ውስጥ በእጅ መሣሪያ ዋሻ እየፈለፈሉ ይከተሉታል። ድጋፍ የሌለው ዋሻ ደግሞ ይደረመሳል። በ2024 መጀመሪያ በደላንታ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ በርካታ ወጣቶች ለቀናት ከምድር በታች መቀበራቸው በዜና ተነግሯል። አመዳማው ዐለት በላዩ ያለውን ክብደት መሸከም የማይችልበትን ርቀት ማስላት፣ ንብብሩ ወዴት እንደሚዘልቅ ከላይ ሆኖ መገመት፣ ድንጋዩ ሳይሰነጠቅ የሚደርቅበትን መንገድ መፈለግ የሥነ ምድር፣ የምህንድስናና የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ሥራ ነው።

በአማርኛ ምን እንበለው?

አንዳንዶች ለኦፓል አማርኛ ስም ሊወጣለት ይገባል ይላሉ። በእኛ አስተያየት ስሙ ባለበት ቢቆይ ጉዳት የለውም። ላቲንም፣ ፈረንሳይኛም ከጎረቤት ተቀብለው አቀብለውታል፤ እኛም ተራችን ደርሶ ተቀብለናል። ይልቁንስ የሚያስፈልገን ጠባዩን የሚለዩ ቃላት ናቸው። ቀለም የሚጫወትበትን «የከበረ ኦፓል»፣ የማይጫወትበትን «ተራ ኦፓል»፣ ሃይድሮፌኑን ደግሞ «ውኃ ጠጪ ኦፓል» ብንለው ገበሬውም ነጋዴውም ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። «ይህ ድንጋይ ውኃ ጠጪ ነው፤ ደርቆ ነው የተመዘነው፤ ቀለም አልተነከረም» ብሎ በልበ ሙሉነት የሚናገር ሻጭ ከገዢው ፊት እኩል ይቆማል።

የሮማ ነጋዴ የሌላ አገር ድንጋይ በህንድ ስም ሸጦ ሊሆን ይችላል። የወሎ ድንጋይ ግን ዛሬ በዓለም ገበያ በወሎ ስም ይጠራል። ያ ስም የእምነት ስም ሆኖ እንዲቆይ፣ ከስሙ በስተጀርባ ያለውን ነገር አጥርቶ ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው።